በበጓ ሆድ ውስጥ የታየችው ነጭ መስመር

ባልየው «መሲና ናት፤ አትወልድም፣ ትታረድ» ይላል። ሚስትየው «አርግዛለች» ትላለች። በጓ አንድ ናት፤ ወሬው ግን ሁለት። ማንን እንመን?

ባልየው ክፉ ሰው አይደለም፣ ወገኖቼ። ልጁን ድሯል፤ ነገ አማቾቹ ለመልስ ይመጣሉ፤ በግ አርዶ ሊቀበላቸው ቃል ገብቷል። በግቢው ያለችው በግ ደግሞ ይህችው ብቻ ናት።

«ላቷን እዪ እንጂ!» አላት። «መሬት ሊነካ ምን ቀረው? ያረገዘች በግ እንዲህ ትሰባለች?»

«አንተ ላቷን ታያለህ፣ እኔ ጠባይዋን አያለሁ። የጎረቤቱን አውራ በግ ማስጠጋት ካቆመች ሰንብታለች።»

«ታዲያ አማቾቼን ጠባይዋን ላብላቸው?»

ቢላው ተስሏል። በዚያ ቀን የእንስሳት ሐኪሟ ትርሲት ለክትባት ወደ መንደሩ መጥታ ነበርና ሚስትየው ሮጣ ጠራቻት። ትርሲት የበጓን የሆድ ፀጉር ገለጥ አድርጋ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስጠጋች።

ባልየው ወደ መሣሪያው ስክሪን አንገቱን አሰገገ። «እኔ የማየው የተበላሸ ቴሌቪዥን ነው!»

«ይታገሱ፣ ጋሼ። ይቺን ነጭ መስመር ያዩዋታል? የግልገሉ እግር ናት። አጥንቱ ሲጀመር እንደ ጆሮ ጫፍ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ነገር ነው። ኋላ መሃሉ ላይ ጠንከር ይላል፤ ከዚያ ወደ ሁለቱም ጫፍ እየጠነከረ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ የሚታየው የጠነከረው ነው።»

መስመሯ እምር አለች።

«ተራገጠ!» ብላ ሚስትየው ጮኸች። «ተራገጠ እኮ!»

እዩ፣ ወገኖቼ! እዩ! ውጭ ቢላ ሲሳል፣ ውስጥ አጥንት ይሠራ ነበር! ማን አዘዘ? ማን ለካ? ሰውየው ላት ሲዳብስ፣ እግዚአብሔር ገና መሬት ያልረገጠ እግር ያጸና ነበር። ግልገል እንደተወለደ ተንገዳግዶ የሚነሣው ለምን ይመስላችኋል? ለዚያ መነሣት ሥራው የተጀመረው ማንም በማያይበት ነው!

እናንተስ? «ጸሎቴ መና ቀረ» ያላችሁ፣ «ይህ ልጅ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም» ብላችሁ የፈረዳችሁ፣ ምኑን ዳብሳችሁ ነው? አላየሁም ማለት የለም ማለት ነው? ዛሬ ለስላሳ ነው፤ ሲታጠፍ ብታዩት አትደንግጡ። ከመሃል እየጠነከረ ነው! ቢላችሁን አስቀምጡ!

ቀላል ነው አልላችሁም። የሰውየውን ጭንቅ አስቡት። አማቾቹ ነገ ደጁ ላይ ናቸው። «ቃሉን አጠፈ» ይባላል፤ ልጁም በባሏ ቤት ታፍራለች። አምኖ መጠበቅ እንዲህ ያስከፍላል። በጓን አያት፤ ሚስቱን አያት። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«በጓ አትታረድም! አማቾቼን ሽሮ አበላቸዋለሁ!»