ጨው የነዳት በቅሎ

ልጆች፣ ቀበቶ ታስሯል? ማክዳ፣ የወንድምሽንም እይለት። ጎበዝ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ተረት ላውራችሁ። አባታችሁም ይስማ፤ አዲሱ መኪናው ራሱን በራሱ ይነዳል ብሎናልና ጆሮው ሥራ ፈት ነው። ይርጌ ልጄ፣ መሪው ላይ ስላንጠለጠልካት የውሃ ኮዳ ገና ምንም አልጠየቅሁም። እሱ ይቆየን።

በድሮ ዘመን፣ ጎማ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ መንገድ ማለት የእግር ዱካ በነበረበት ጊዜ፣ ጓንጉል የሚባል በቅሎ ነጂ ነበረ። ጓንጉል ምላሱ ጤፍ የሚቆላ፣ ሥራ የሚጠላ፣ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ነበረ። ከሦስቱ የቱ ይብሳል ብትሉኝ፣ እንቅልፉ።

ይህ ጓንጉል ቦራ የምትባል በቅሎ ገዛ። ቦራ ገደሉን ታውቃለች፣ መሻገሪያውን ታውቃለች፣ ገበያውን ታውቃለች። ያስተማሯት አያ ገብረየስ የሚባሉ በቅሎ የሚገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲሸጡለትም እንዲህ አሉት፦

«ስማ ልጄ፣ ቦራ መንገድ ታውቃለች። የምታውቀው ግን ያየችውን ነው። ስለዚህ ዛቡን፣ ይቺን የልጓሟን ጠፍር፣ ከእጅህ አትልቀቅ። እሷም እየቆመች ትጠይቅሃለች፤ ሳብ አድርገህ መልስላት።»

«እሺ አያ።»

«አትልቀቅ ብዬሃለሁ።»

«እሺ አልኩዎት እኮ!»

«አትልቀቅ!»

ጓንጉል ከዚህ ሁሉ ምክር የሰማው «መንገድ ታውቃለች» የምትለዋን ብቻ ነው። የቀረውን ሽማግሌው ለራሳቸው ያወሩት መሰለው።

መንገድ ጀመሩ። ቦራ ትንሽ ትሄድና ቆም ትላለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥልና «ጌታዬ፣ አለህ?» ትላለች። ጓንጉል ከእንቅልፉ ነቅቶ ዛቡን ሳብ ያደርጋል። ትሄዳለች። ደግሞ ትቆማለች። «ጌታዬ፣ አለህ?» ሳብ ያደርጋል። ደግሞ ትቆማለች።

«ምን ዓይነት ጨቅጫቃ በቅሎ ናት!» አለ ጓንጉል። «መንገዱን ካወቅሽው እኔን ምን አስጠየቀሽ?»

ሰነፍ ሰው እንዳይሠራ የሚሠራው ሥራ ብዛቱ! ጓንጉል ዘዴ ፍለጋ ሦስት ቀን ለፋ። መጀመሪያ ኩታውን ጠቅልሎ ዛቡ ላይ አሰረ። ኩታው ቀለላት፣ ቦራ ቆመች። ቀጥሎ ድንጋይ አሰረ። ድንጋዩ ጉልበቷን መታት፣ ቦራ ቆመች፣ ረገጠችም። በሦስተኛው ቀን አንድ አሞሌ ጨው አሰረ። አሞሌው እንደ እጅ ከበደ፣ እንደ እጅ ሳብ አደረገ። ቦራ ዞር ብላ ላስ ብታደርገው እንደ ላብ ጨው ጨው አላት። «አዎ፣ የጌታዬ እጅ ነው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል! «ጌታዬ፣ አለህ?» ትላለች፤ አሞሌው ይመልሳል፤ ላስ አድርጋ ትሄዳለች። ጓንጉል ያንኮራፋል።

ልቡ ቅቤ ጠጣ። ገበያ መሀል ቆሞ «የእኔ በቅሎ ነጂ አትፈልግም!» እያለ ጉራውን ይነዛ ጀመር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቀና ብላ አየችውና «ታዲያ አንተን ለምን ትሸከማለች?» አለችው።

«እንዲያምርባት ነዋ!» አለ ጓንጉል።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ የሺመቤት የሚባሉ የሰፈሩ አዋላጅ ነጠላቸው እየተጎተተ ወደ ጓንጉል ቤት ሮጡ።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ከጨጎ ወንዝ ማዶ ያለችው ልጄ ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያዋ ነው፣ ሕፃኑም በእግሩ መጥቷል ብለው ላኩብኝ። ዛሬ ካልደረስኩ ሁለቱንም አጣቸዋለሁ። አድርሰኝ!»

«ምን ችግር አለ እትዬ? ቦራ አለች አይደል እንዴ!»

እሱ ቦራ ላይ ወጣ። እሳቸውን ከቦራ ኋላ በገመድ የታሰረች አሮጊት በቅሎ ላይ አወጣቸው። ቦራ በሄደችበት አሮጊቷም ትሄዳለች፣ ቦራ ከገባችበት ገደል አሮጊቷም ትገባለች ማለት ነው።

«ዓይንህን ከመንገዱ እንዳታነሣ፣ አደራ!» አሉት።

«የእኔን ዓይን ምን አደረጉት? የቦራ አለልዎት!»

ዝናቡ ወረደ። ጓንጉል ገሳውን፣ ያንን የሣር የዝናብ ልብስ፣ ደርቦ ውስጡ ተኛ። ገሳው ደግሞ የተኛን ሰው ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። እትዬ የሺመቤት ከኋላ ሆነው የሚያዩት ጀርባ ብቻ ነው፤ ማንኮራፋቱንም ዝናቡ ዋጠው። «ዛሬስ ወሬውን ትቶ መንገዱን እያየ ነው፣ ተመስገን» አሉ በልባቸው።

ዝናቡ አሞሌውን ያሟሟል፣ ቦራም ትልሰዋለች። «ጌታዬ፣ አለህ?» አለች። አሞሌው ግማሽ ሆኗል፣ ግን ሳብ አደረገ። ሄደች። «ጌታዬ፣ አለህ?» አለች። አሞሌው ጣት አክሏል፣ ግን ትንሽ ሳብ አደረገ። ሄደች።

ከጨጎ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ጋ ደረሱ። ሌሊት የወረደው ናዳ መንገዱን ቆርጦ ጥሎታል። ጭጋግ ወርዶ ስለነበር ቦራ ገደሉን አላየችም፤ መንገዱ ግን የምታውቀው አልመስልሽ አላት።

«ጌታዬ፣ አለህ?»

ዛቡ ላይ እርጥብ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ጌታዬ የለም» አለች ቦራ። ጌታሽ ካልመለሰልሽ ቁሚ ብለው አያ ገብረየስ አስተምረዋታልና በአራት እግሯ ክችች አለች።

ቦራ ቆመች፣ ጓንጉል ግን አልቆመም። በአንገቷ ላይ ተፈናጥሮ ከአፋፉ ሥር የበቀለ የቀጋ እሾህ ውስጥ በጭንቅላቱ ተተከለ።

እትዬ የሺመቤት ወርደው ቢያዩ ከቦራ ሰኮና ፊት አንድ እርምጃ እንኳ መሬት የለም። ለራሳቸው አልነበረም የፈሩት፤ ማዶ ሆና የምትጠብቃቸው ልጃቸው በዓይናቸው መጣችባቸው። እንባቸውን ጠርገው ዛቡን ያዙ።

«እትዬ፣ ያውጡኝ!» አለ ጓንጉል ከእሾሁ ውስጥ።

«አንተ ተወልደህ ጨርሰሃል፣ ቆይ!» አሉት።

በላይኛው ተዳፋት ዞረው፣ እየቆሙ፣ እያዩ፣ ቦራን በእግራቸው መሩ። «እመቤቴ፣ አለሽ?» ባለች ቁጥር «አለሁ!» ይሏታል። ደረሱ። የልጃቸውን ሆድ እያሹ፣ እያባበሉ፣ ሕፃኑን በእግሩ እንደመጣ አወጡት። ልጅም እናትም ዳኑ። ጓንጉልን ያስታወሱት ለእናትየው አጥሚት ካጠጡ በኋላ ነው፤ ሰው ልከው አስወጡት።

እትዬ የሺመቤት ጓንጉልን ዳኛ ፊት አቆሙት። እሾሁ ገና ከጆሮው አልወጣም።

«እኔ ምን አገባኝ?» አለ። «ስትነዳ የነበረችው ቦራ ናት። እሷን ይክሰሱ!»

ዳኛው ወደ ቦራ ዞሩ። ቦራም «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ሁለቴ ጨው መለሰልኝ። በሦስተኛው የመለሰልኝ የለም» አለች።

«ጓንጉል፣» አሉ ዳኛው፣ «እንግዲህ አንተ ነጂ ነህ ወይስ ጭነት?»

«ጭነት ነኝ!» አለ ጓንጉል፣ ያመለጠ መስሎት።

«መልካም። ጭነት ግን ይታሰራል።»

በሆዱ አስተኝተው፣ ከሁለት የሽንብራ ጆንያ ጋር ጠፍረው ቦራ ላይ ጫኑት። ዳኛው እየተከተሉት ገበያው መሀል ሲደርስ ያቺ ሽንኩርት ሻጭ አየችውና «ዛሬስ በጣም አምሮባታል!» አለች። ጓንጉል ጮኸ፦ «ዳኛዬ፣ ነጂ ነኝ! ነጂ ነኝ! ነጂ ነኝ!»

«ነጂ ከሆንክ ውረድና ዛቡን ያዝ» አሉት ዳኛው፣ ገመዱን አስፈትተው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓንጉል ዛቡን በእጁ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ይሄዳል። «ጌታዬ፣ አለህ?» ስትለው «አለሁ!» ይላል። ቤቱ ተኝቶ እንኳ «አለሁ! አለሁ!» እያለ ሚስቱን ይቀሰቅሳል አሉ።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ በቅሎዋ ታግዝሃለች እንጂ አንተን አትተካም፤ ከኋላህ የሰው ነፍስ ታስሮ ሳለ ነጂው አንተው ነህ።

ምን አልሽ ማክዳ? መኪናው ለምን ጢጥ ጢጥ ይላል? «ጌታዬ፣ አለህ?» እያለ ነዋ! እስካሁን በአባታችሁ እጅ ፋንታ ኮዳዋ መሪውን ሳብ ስታደርግለት ነበር፤ አሁን ግን ነቃባት። ይርጌ፣ እስቲ ያቺን ኮዳ ከመሪው ፈትተህ ወዲህ በላት፤ ብዙ ስላወራሁ ጠምቶኛል።

እሰይ። ሁለቱም እጅህ ይታየኝ። አለህ?

«አለሁ፣ እቴቴ።»

በሉ ልጆች፣ ተረቱም ውሃውም እዚህ አለቀ።