ያላገሳው ንጉሥ

በዚያ የአራዊት ግቢ ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ አንበሳው ሳያገሳ ማንም አፉን ገንዳ ውስጥ አያስገባም። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ከእኛ በፊት የነበሩት ያወጡት ነው ይላሉ፤ ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ አንዳቸውም በሕይወት ስለሌሉ የሚጠየቅ የለም። ጠባቂዎቹ ጠዋት ጠዋት ድርቆሽና ፉርሽካ በጋሪ አምጥተው ሣር በሎቹ ግቢ ባለው ገንዳ ላይ ያራግፋሉ፤ ማዶ ላለው አንበሳ ደግሞ ሥጋውን ይወረውሩለታል። አንበሳው ሥጋውን ሲያይ ደስ ይለውና ያገሳል። ያን ጊዜ አጋዘኑም፣ ድኩላውም፣ ከርከሮውም አንገቱን ደፍቶ ያመሰግንና ወደ ገንዳው ይሄዳል። በሁለቱ ግቢዎች መሃል ወፍራም የብረት ፍርግርግ ቆሟል። አንበሳው እንኳን አልፎ ሊበላቸው አፍንጫውንም ማሾለክ አይችልም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ጀርባቸው ሲበላቸው የሚታከኩት በዚያው ብረት ነበር።

ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነችው እመት ጦጣ ብቻ ናት። እሷ በዛፉ ላይ ተንጠላጥላ ወዲያም ወዲህም ስለምትል የንጉሡ አፍ ተብላ ተሹማለች። ማን ሾመሽ ስትባል ንጉሡ ትላለች፤ ንጉሡ ይጠየቅ ከተባለ ደግሞ ሄዳ የምትጠይቀው ራሷ ናት። ከሥራዋ አንዱ ለሕዝቡ ደኅንነት ሲባል ምግቡን አስቀድሞ መቅመስ ነው። ካሮት የመጣ ቀን ካሮቱን ትቀምሳለች፤ ቀምሳ ስትጨርስ ካሮት የለም። ሕዝቡም ስለ ድካሟ ያመሰግናታል።

ድኩላዋ ብርቄ በዚህ ሁሉ ቅር ተሰኝታ አታውቅም። እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ በዚያ ክረምትም እንቡጥ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። እንቡጥ ከእናቷ ሆድ ሥር ተወሽቃ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አሮጌው አንበሳ ሞተ። ጠባቂዎቹ በሸራ ጠቅልለው ወሰዱት። ወዲያው ሠራተኞች መጡና ሣር በሎቹን ሁሉ ከኋላ ባለው ጋጣ ዘጉባቸው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድንጋይ ሲፈለጥና ብረት ሲቆረጥ ብቻ ሆነ። አንዳንዱ ለእኛ ቤት ሊሠሩልን ነው አለ፤ አንዳንዱ ሊሸጡን ነው አለ፤ ብርቄ ልጇን ማጥባቷን ቀጠለች።

በሩ ሲከፈት ብረቱ የለም። ብረቱ በነበረበት ቦታ ረዘም ያለ ሣር ተተክሏል፤ ከሣሩ ማዶ ትንሽ ጉብታ አለ፤ በጉብታው ላይ ጎፈሩ ትከሻውን ያለበሰ ሌላ አንበሳ ተኝቷል። በእሱና በእነሱ መሃል ከሣር በቀር አንድም ነገር አይታይም። ጎብኚዎቹ ከአጥሩ ውጪ ሆነው አጨበጨቡ፤ እንደዚህ አብረው ሲኖሩ እንዴት ደስ ይላል እያሉ ፎቶ አነሱ።

ሣር በሎቹ እስከ ኋላው ግንብ ድረስ ሸሽተው ጀርባቸውን አስደገፉ። እዚያ ተጣበው ሳለ የሁሉም ሽማግሌ የሆነው ጋሽ አጋዘን ጉባኤ ከፈተ። ቀንዱ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ፣ ድምፁ የረጋ ነው።

«ወገኖቼ» አለ፤ «ብረቱ የተነሳው ስለታመንን ነው። አባቶቻችን ያላገኙትን ክብር አግኝተናል። እንግዲህ ይህን እምነት ማጉደል የእኛ ፋንታ አይሁን።»

ሁሉም እውነት ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ሣሩ የተጠጋ የለም፤ ጀርባውን የበላውም በግንቡ መታከክ ጀመረ።

ችግሩ የመጣው በማግሥቱ ነው። ጋሪው መጣ፣ ድርቆሹ ተራገፈ፣ ማዶም ሥጋው ተወረወረ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አዲሱ አንበሳ ሥጋውን አየና ዝም አለ። ጥቂት ጎረሰ፣ ቀና ብሎ አያቸው፣ ተመልሶ ተኛ። አላገሳም።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ የሜዳ አህያ ነበር፤ እሱ ነገሩ ግራ ገብቶት ለምን አትበሉም አላቸው። እኛ አገር ምግብ ሲመጣ ይበላል አለ። ሁሉም እንደ ባለጌ አየው፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ጥግ ወስደው መከሩት። የሜዳ አህያው ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ ያነሳው ነገር የለም። እንዲያውም ከሁሉ ዝቅ አድርጎ አንገቱን የሚደፋው፣ ማን እንዳልደፋ በዓይኑ የሚለቅመው እሱ ሆነ። መጤ ነው መባል ከብዶት ነበር።

እመት ጦጣ ዛፏ ላይ ሆና ቃሉን አመጣች። ንጉሡ እያሰበ ነው፤ አስቦ ሲጨርስ በእኔ በኩል ያስታውቃችኋል አለች። እስኪያስታውቅ ድረስ እሷና ዘመዶቿ ቀመሱ። ከሰዓት በኋላ ብሉ ብሏል አለች፤ ያን ጊዜ ከገንዳው ሥር የቀረው ፀሐይ ያደረቀው ገለባ ነው። አንዳንድ ቀን እስከነጭራሹ ቃል ሳይመጣ ይመሻል። ጠባቂዎቹ ምግቡ ሳይነካ ሲያገኙት ጠግበዋል ማለት ነው ብለው ቀነሱት። እመት ጦጣም የተቀነሰው በመካከላችሁ የሚያጉረመርም ስላለ ነው፣ የንጉሡ ቅጣት ነው አለች። ሁሉም ጎረቤቱን ጎሪጥ አየ።

መጀመሪያ የሞተው የጋሽ አጋዘን ልጅ ነው። አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ጉልበቱ ከዳው፤ ወደቀ፤ አልተነሳም። ጋሽ አጋዘን አላለቀሰም። ልጄ ሕግ አክብሮ ሞተ ብሎ አጭር ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ተወደደለት።

የብርቄ ጡት ደረቀ። እንቡጥ ጠብታ ወተት እየፈለገች ስትጎትታት መጀመሪያ ያማት ነበር፤ በኋላ ማመሙም ቀረ። ሁሉ ነገር ራቀባት። ጎብኚዎቹ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የሚሉት አይገባትም፤ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ አታባርርም። የልጇ የጎድን አጥንት ሲቆጠር እያየች መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ መደንገጡ ግን አልመጣላት አለ። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ ልጅ ካልበላች ትሞታለች።

ጉባኤው ሲቀመጥ ይህንኑ ተናገረች። ንጉሡ ምን እንደሚል ራሱን እንጠይቀው አለች። የሜዳ አህያው ተነስቶ ይህ ጥያቄ በንጉሡ አፍ ላይ እምነት ማጣት ነው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ከርከሮው ጊዜው አይደለም አለ። በመጨረሻ ጋሽ አጋዘን ሃሳቡ የማን ነው፣ የእሷ ነው፤ እንግዲያውስ ትሂድ አለ። ሁሉም ተስማማ፤ አንበሳው ይበላታል ብለው ነው የተስማሙት። ብርቄም እሺ አለች። ጀግና ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ለመፍራትም እኮ አቅም ይጠይቃል።

እንቡጥን ለከርከሮው ሚስት አደራ ሰጥታ ወደ ሣሩ ሄደች። ሣሩን በደረቷ ከፈተችውና የፊት እግሯ አየር ላይ ሊውል ምንም አልቀረው። ከሥሯ ገደል የመሰለ ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ግድግዳው ቀጥ ያለ ሲሚንቶ፣ ከታች የረጋ ውኃ። እንኳን አንበሳ ወፍ ካልሆነ የሚሻገረው አይደለም። ብረቱን አንስተው የተኩት በዚህ ነው፤ ከሩቅ እንዳይታይ ነው ሣሩን የተከሉበት። ብርቄ ቁልቁል ስታየው ቆየች። ሊያስቃት የሚገባ ነገር መሆኑ ገብቷት ነበር።

አንበሳው ከማዶ ብድግ ብሎ ወደኋላ አፈገፈገ።

«ቀንድ አለሽ?» አላት።

«የለኝም ጌታዬ። ሴት ድኩላ ቀንድ የላትም።»

ይህን ሲሰማ ትንሽ ረጋ አለ። «አሮጌውን አንበሳ የገደላችሁት እናንተ ናችሁ አሉ። ጦጣዋ ናት የነገረችኝ። ድምፅህን ካሰማህ ይመጡብሃል ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ሥጋዬ ሲመጣ ሁላችሁም ቀንዳችሁን ወደ እኔ ታዘቀዝቃላችሁ። ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም።»

ብርቄ ቀንዳቸውን የሚያዘቀዝቁት ሊወጉት ሳይሆን አንገታቸውን ደፍተው እስኪያገሳ እየጠበቁ መሆኑን፣ እሱ ሳያገሳ መብላት ክልክል መሆኑን፣ ልጆች እያለቁ መሆኑን ነገረችው። አንበሳው በጣም ተገረመ። እሱ የተወለደው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው፤ ሲጮህ በር ይዘጋበት ስለነበር ማግሳቱን ከተወ ቆይቷል።

«እንግዲያ ብሉ እንጂ!» አላት። «የእናንተ ሣር ለእኔ ምኔ ነው?»

ብርቄ ተመልሳ ያየችውንም የሰማችውንም አንድም ሳታስቀር ተናገረች። መሃል ላይ ጉድጓድ አለ አለች። ንጉሡ እኛን ይፈራል አለች። ብሉ ብሏል አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ አጋዘን ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቃት።

«አገሳ?»

«አላገሳም። በአፉ ነው ብሉ ያለኝ።»

ሁሉም በረጅሙ ተነፈሰ። እመት ጦጣ ከዛፏ ላይ ሆና ንጉሡ ድኩላዋን እየፈተናት እንደነበር አስረዳች። ጉባኤው ተበተነ። ሁሉም ዘወር ሲሉ ጋሽ አጋዘን ወደ ብርቄ ተጠጋ። ድምፁ ያ የጉባኤው ድምፅ አልነበረም።

«ጉድጓዱን ሲቆፍሩት በጋጣው ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም» አላት። «ልጄ የሞተው እዚህ ነው፣ እንደቆመ። አሁን ጉድጓድ አለ ብዬ ከበላሁ፣ ያ ልጅ በምን ሞተ ልበል?»

ብርቄ ጎኑን በአፍንጫዋ ነካ አድርጋው ሄደች።

በማግሥቱ ጋሪው እንደመጣ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ገንዳው ሄዳ መብላት ጀመረች። የከለከላት የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መብረቅ ሲወርድባት ለማየት ጠበቀ። አልወረደም። ድርቆሹ ለስላሳ ነበር፤ ጥሩ ጎርሳ ዘወር አለችና ልጇን ነይ አለቻት።

እንቡጥ አልመጣችም። ቀጭን አንገቷን ደፍታ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ከትልልቆቹ ተራ ቆማለች። ነይ እንጂ የኔ እናት አለቻት ብርቄ። ልጅቷ ቀና ሳትል መለሰች።

«አላገሳም እኮ እማዬ።»

ያን ጊዜ ያ ሁሉ የራቀው ነገር በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣባት። ተናደደች፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ ነደደች። የድኩላ ጩኸት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከዚያ ቀጭን አንገት እንዲህ ያለ ሻካራ ድምፅ ይወጣል ብሎ አያምንም። ብርቄ አንገቷን ሰግጋ ባላት ኃይል ሁሉ ብሉ ብላ ጮኸች። ጎብኚዎቹ ከአጥሩ ሸሹ። ማዶ ያለው አንበሳ ጎፈሩን በመሬት ለጥፎ ተኛ።

ሣር በሎቹም በሉ። ቀድሞ ገንዳው ላይ የደረሰው የሜዳ አህያው ነው። ጋሽ አጋዘንም በላ። እንቡጥ አፏ እስኪሞላ በላች፤ ብርቄ አጠገቧ ቆማ ስታኝክ አየቻት፤ ደስም አላት። ጠባቂዎቹ ገንዳው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ለነገው ጨመሩ።

በማግሥቱ ጋሪው ሲመጣ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ ጉብታው አልነበረም፤ ወደ ብርቄ ነው። ብሉ፣ ምግቡ የእናንተ ነው አለቻቸው በለሆሳስ። ማንም አልበላም። እንግዲያው ሲርባቸው ይበላሉ ብላ ጠበቀች። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፣ ድርቆሹ መድረቅ ጀመረ። እመት ጦጣ ከዛፏ ወርዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ምን ብለዋል ልበል ብላ በትሕትና ጠየቀቻት። ብርቄ የልጇን ጉልበት አየች፤ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጮኸች። በሉ።

ቀኑ ሲጋመስ ብርቄ ጉሮሮዋ ቆስሎ ከግንቡ ጥላ ሥር ጋደም አለች። እንቡጥ መጣች። እንደወትሮው ከሆዷ ሥር ልትወሸቅ ነው ብላ የፊት እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። ልጅቷ ግን ራቅ ብላ ቆመች፤ አንገቷን ደፋች።

«መተኛት ይፈቀዳል?» አለች።

ብርቄ የለቀቀችላትን ቦታ በአፍንጫዋ አሳየቻት። ልጅቷ ጠበቀች። የምታደርገው ጠፍቷት፣ «ተኚ» አለቻት።

እንቡጥ እዚያው በቆመችበት ተኛች። ከኋላዋም አጋዘኑ፣ ከርከሮውና የሜዳ አህያው ተራ በተራ ጉልበታቸውን አጥፈው ተኙ።