ስም የለሹ የፒያኖ ጥቅል

አንድ ተረት በር ያንኳኳል፤ ክፈቱለትና ይግባ!

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ማንአህሎሽ የምትባል ሴትዮ ነበረች። ብቻውን የሚጫወት አሮጌ ፒያኖ ነበራት። ቀዳዳ የበዛበት የወረቀት ጥቅል ያጎርሱታል፣ ፔዳሉን ይረግጡለታል፣ ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ይዘላሉ። እሷም እነዚህን ጥቅሎች ካሉበት እያሰሰች ትሰበስባለች። አንዱንማ ባለሱቅ ስኳር ሊቋጥርበት ጫፉን ሲቀድ ደርሳ ከእጁ ነጠቀችው። የዜማው ስም የተጻፈበት ቦታ ጠፍቷል። «የምን ዜማ ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጣች። ወረቀቱ አርጅቶ ይፈረፈራል፤ ቶሎ ካልተጠገነ ዜማው ሳይሰማ ሊቀር ነው።

«ፒያኖዬ፣ ዝፈንልኝ» አለችው።

«የተቀደደ አልጎርስም» አላት።

ወደ ወረቀቱ ዞረች። «ወረቀቴ፣ ግጠምልኝ፤ ፒያኖው አልጎርስም አለኝ።»

«ሙጫ ሳልቀባ አልገጥምም» አላት።

ወደ ድስቱ ሄደች። «ድስቴ፣ ሙጫ አፍላልኝ፤ ወረቀቱ አልገጥምም፣ ፒያኖው አልጎርስም አሉኝ።»

«ዱቄት ሳይገባብኝ አላፈላም» አላት።

እፍኝ ስንዴ ይዛ ወደ ባለወፍጮው ወደ ጋሽ ሽብሩ ሮጠች። «ጋሼ፣ ይፍጩልኝ፤ ድስቱ አላፈላም፣ ወረቀቱ አልገጥምም፣ ፒያኖው አልጎርስም አሉኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ሳቁ። «ለእፍኝ ስንዴማ ሞተር አላስነሳም፣ ልጄ። ጆንያ ሙሉ አምጪና እፈጭልሻለሁ።»

አንድ ጆንያ ስንዴ ሞልታ ወደ አህያዋ ሄደች። «አህያዬ፣ ጆንያውን አድርስልኝ፤ ጋሽ ሽብሩ አልፈጭም፣ ድስቱ አላፈላም፣ ወረቀቱ አልገጥምም፣ ፒያኖው አልጎርስም አሉኝ።»

«ዘፈን ሳልሰማ አልራመድም» አላት።

«ዘፈኑማ ጥቅሉ ውስጥ ነው እኮ!» አለች፤ ለማልቀስ ምንም አልቀራት። ግን ነገሩ ከነከናት። ጥቅሉን ገለጥ አድርጋ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ተከተለች። ወደ ቀኝ ሲሄዱ ድምጿን አቀጠነች፣ ወደ ግራ ሲሄዱ አወፈረች። ግራ የገባው ዜማ ነበር፤ ቢሆንም ዜማ ነው። አህያውም ጆንያውን ተሸክሞ ተነሳ፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ የኋሊት ሄደ!

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

አህያው አደረሰ፣ ጋሽ ሽብሩ ፈጩ፣ ድስቱ አፈላ፣ ወረቀቱ ገጠመ። ፒያኖው ግን አፉን ሊከፍት ሲል፣ «ቆዪ፣ መጀመሪያ ወደ መነሻው ጠቅልዪው» አላት። «ባለፈው የተጫወተው ሰው ሳይመልሰው ነው የተወው።»

ማንአህሎሽ አፏን ያዘች። ለካ ዜማውን የዘፈነችው ከጭራው ነበር!

ጠቀለለችው፣ ፒያኖው ጎረሰ፣ ፔዳሉን ረገጠች። የሰልፍ ዜማ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ እግር የሚያስነሳ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ግቢውን የኋሊት ሲዞር የከረመው አህያም ጆሮውን አቆመ፣ ፊቱን አዞረና እየተራመደ ሳሎን ገባ። እሷም እርሳስ አነሳችና በጥቅሉ ጫፍ ላይ ስም አወጣችለት፦ «አህያው ወደ ፊት»።

ተረቴ አለቀ፤ ስትጨርሱ ወደ መነሻው ጠቅልሉልኝ፣ ቀጣዩ ሰው ከጭራው እንዳይጀምር።