ለውዝ ከነቀሚሱ

ተረት ተረት! እህ በሉኝ እንጂ፤ እህ የማይል አድማጭና የቤት ግድግዳ አንድ ናቸው። ግድግዳውስ ቢያንስ አያዛጋም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሲነግድ፣ ዕቃ ሲናገር፣ ወንዝ ሲመልስ፣ በቆላው አሸዋማ መሬት ላይ እመት ጃርት የምትባል ለውዝ ነጋዴ ነበረች። እሾኋ ከወገቧ በላይ፣ ምላሷ ከእሾኋ በላይ። ለውዙን ራሷ ትዘራለች፣ ራሷ ትቆፍራለች፣ ራሷ አድርቃ ዳውላ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ዳውላ ያው አህያ ጀርባ ላይ የሚጫነው ከቆዳ የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ነው። የእሷ ዳውላዎች ከእናቷ የወረሰቻቸው ናቸው። ከዳውላዎቹ ጋር ደግሞ አንድ ወግ ወርሳለች። እናቷ «ለውዝ ከነቀሚሱ ነው ክብሩ፤ እኛ ቤት እህል ራቁቱን ገበያ አይወጣም» ትል ነበር። ቀሚሱ የምትለው ቅርፊቱን ነው። እመት ጃርትም የእናቷን ቃል ጠብቃ፣ ለውዟን ከነቅርፊቱ በሁለት አህያ አስጭና ወደ ደጋው ገበያ ትወጣ ነበር።

ደጋው ላይ የነበረቻት ደንበኛ አንዲት ብቻ ናት፤ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ቆሎ እየቆላች የምትቸረችር እመት ጦጢት። ጉድጓድ ሙሉ የጃርት ልጅ ጠግቦ የሚያድረው ጦጢት ስትገዛ ነው፤ ሳትገዛ ጾሙን ያድራል።

በቆላውና በደጋው መካከል ደግሞ መንገድ አለ፤ መንገድ ላይ የማይበላ የለም።

መጀመሪያ አያ አህዮ ጆሮውን ጥሎ መጣ። «እመቤቴ፣ ገብስ ተወደደ። ጠጠሩም ኮቴዬን ጨረሰው። ኪራዬን ጨምሪልኝ።»

«ባለፈው ወር ጨምሬልህ አልነበረም?»

«ባለፈው ወርም ገብሱ ተወዶ ነበር።»

ምን ትበል? ጨመረች።

ቀጥሎ ወንዙ። ላይ አገር በዘነበ ቁጥር ይሞላል።

«ዛሬም ሞላህ?» ትለዋለች።

«እኔ መሙላት እንጂ መጉደል ማን አስተምሮኝ? ዳር ሆነሽ ጠብቂ» ይላታል።

እሷ ትጠብቃለች፤ አህዮቹም ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም የእሷን ገብስ ይቆረጥማሉ። መቆም ከመሄድ የሚወደድበት አገር ቢኖር ያ ወንዝ ዳር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ኬላው ላይ ተቀምጦ ቀረጥ የሚሰበስበው አያ ጅቦ ነው። «ጅብ መች ለውዝ ይበላል?» እንዳትሉኝ፤ ኬላ ላይ የተቀመጠ የማይበላው የለም። በእናቷ ጊዜ ከየዳውላው አንድ እፍኝ ነበር የሚወስደው። ውሎ ሲያድር እፍኙ ጭልፋ ሆነ። ደግሞ ውሎ ሲያድር ጭልፋው ቁና ሆነ።

«ምነው አያ ጅቦ?» አለችው።

«ሁሉ ነገር ተወደደ እኮ፣ እመት ጃርት።»

«አንተን ምን ተወደደብህ? ተቀምጠህ አይደል የምትውል?»

«መቀመጫውም ተወደደ!» ብሎ እህህህ ብሎ ሳቀ። የጅብን ሳቅ ታውቁታላችሁ፤ ጥርስ ይበዛበታል።

እመት ጃርትም አህያው ሲጨምርባት በለውዙ ላይ ጨመረች፤ ወንዙ ሲያቆማት በለውዙ ላይ ጨመረች፤ ጅቡ ሲጨምርባት በለውዙ ላይ ጨመረች። በመጨረሻ ጦጢት ጭራዋን እንደ መቀነት ወገቧ ላይ ጠምጥማ ተነሳችባት።

«ስሚ እቴ! ያንቺ ለውዝ መንገድ ላይ ነው እንዴ የሚያድገው? ከቤትሽ ሕፃን ሆኖ ይነሳል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ጎረምሳ ሆኖ ይመጣል። ሽምብራ ደጃፌ ላይ ይበቅላል፤ ኬላ አያውቅ፣ ወንዝ አያውቅ። ለትልቁ ገበያ በድሮው ዋጋ ይዘሽ ካልመጣሽ ብረት ምጣዴ ላይ የማወጣው ሽምብራ ነው። ከዚያ ወዲያ አልተዋወቅንም!»

የእመት ጃርት እሾህ አንድ ሳይቀር ቆመ። የፈራችው ስድቡን አይደለም፤ በስድብማ ጦጢትን ታስንቃለች። የፈራችው ሽምብራውን ነው።

ቤቷ ገብታ አሰበችና «ጥፋቱ የአህያው ነው» አለች። አህዮቹን ትታ እማማ ኤሊን ጠራች።

«ስንት ያስከፍሉኛል፣ እማማ?»

«ኧረ ልጄ፣ አንድ እፍኝ ከሰጠሽኝ ምን ጎደለብኝ!»

እመት ጃርት ርካሽ አገኘሁ ብላ እየፈነደቀች ጫነቻቸው። እማማ ኤሊም ሄዱ። ሄዱ። ሄዱ። ገበያው ቆመ፤ እማማ ኤሊ እየሄዱ ነው። ገበያው ተበተነ፤ እማማ ኤሊ እየሄዱ ነው። ዝናብ ዘንቦባቸው፣ ፀሐይ ወጥቶባቸው ሲደርሱ ለውዙ ዳውላው ውስጥ በቅሎ፣ ቅጠሉ በስፌቱ ብቅ ብሏል።

«ልጄ፣ ጭነትሽ ማሳ ሆነ» አሉ እማማ ኤሊ፣ ደስ ብሏቸው።

አሮጊት መምታት ነውር ነው። እመት ጃርት ዱላዋን አንስታ ዳውላውን መታችው። ጧ! ዳውላው ምንም አላለም።

«ጥፋቱ የጅቡ ነው» አለች ደግሞ። ኬላውን ለመሸሽ ፍየልን ቀጠረች።

«በገደሉ በኩል አቋራጭ አለኝ» አለች ፍየል ጢሟን እያወዛወዘች። «ቀረጥ የለ፣ ወንዝ የለ።»

«ዋጋሽስ?»

«ምን ዋጋ አለኝ! መንገድ ላይ የወደቀውን መልቀም ብቻ።»

እዚህ ላይ መጠርጠር ሲገባት እመት ጃርት መረቀቻት። ፍየል ገደሉ ላይ አንድ ዘለለች፤ የዳውላው አፍ ላላ። ሁለት ዘለለች፤ ለውዙ ፈሰሰ። ሦስተኛውን መዝለል አላስፈለጋትም፤ ቁጭ ብላ መልቀም ጀመረች።

«አንቺ ሌባ!»

«በውላችን መሠረት ነው፣ እታለም» አለች ፍየል አፏን ሞልታ።

የፍየል ቀንድ ደግሞ ሹል ነው። እመት ጃርት ዳውላውን መታችው። ጧ! ዳውላው ምንም አላለም።

«ለካ ጥፋቱ የወንዙ ነው!» አለች በሦስተኛው። «ሁለት አህያ ወንዝ ዳር ከምቀልብ፣ አንዱ አህያ የሁለቱን ይሸከም።»

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ የኔና የወንድሜ ጭነት ነው» አለ አያ አህዮ።

«አንተ ታላቁ አይደለህም? ቻል!»

ቻለ። እስከ ወንዙ መሐል ቻለ። እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ አሰበበት፤ ተኛ። ወንዙም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ በላዩ ላይ አለፈ። ዳውላው ተፈታ፤ ለውዙ እንደ ትናንሽ ታንኳ ተንሳፍፎ፣ ለማንም ኪራይ ሳይከፍል፣ ለማንም ቀረጥ ሳይቆርጥ ቁልቁል ነጎደ።

እመት ጃርት ዱላዋን አነሳች። አያ አህዮ ከውሃው ወጥቶ የኋላ እግሮቹን አዘጋጀ። ዱላው አየር ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ዳውላው ላይ አረፈ። ጧ!

«ኧረ በቃ!» አለ ዳውላው።

እመት ጃርት ዱላዋን ጣለች።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ላንቺ ነው» አለ ዳውላው ውሃ እየተፋ። «ሦስት ጊዜ መታሽኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ፈትተሽ አየሽኝ?»

«ምንህን ነው የማይህ? ለውዝ ነው የሞላሁህ!»

«ለውዝሽ ሲንሳፈፍ አላየሽም? ፍሬ ይንሳፈፋል? የተንሳፈፈው ነፋስ ነው። ግማሽ ሆዴ ቅርፊትና ነፋስ ነው፣ እመት ጃርት። ለነፋስ ኪራይ ትከፍያለሽ። ለነፋስ ቀረጥ ትከፍያለሽ። ነፋስ ወንዝ እንዲሻገር ገብስ እየበተንሽ ትጠብቂያለሽ። ነፋስ ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ደጋና ቆላ በነፃ ነው የሚመላለሰው!»

አያ አህዮ ሳቁን መያዝ አቅቶት አናፋ።

«አንተ ዝም በል!» አለችው። ወደ ዳውላው ዞራ ደግሞ፣ «ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ፈልፍለሽ ጫኚ።»

«ራቁቱን?» አለች እሾኋ ቆሞ። «እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች!»

«እናትሽ ከነቀሚሱ የላከችው መንገዱ በእፍኝ በሚታለፍበት ዘመን ነው። ከእሷ ጋር ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ፤ አውቃታለሁ። ብትኖር ኖሮ እፍኙ ጭልፋ የሆነ ዕለት መፈልፈል ትጀምር ነበር። አንቺ ወጓን ወረስሽ፣ ብልሃቷን ተውሽው።»

እመት ጃርት እርጥቡን ዳውላ አህያው ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። 

ለትልቁ ገበያ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። ልጆቿን ሰብስባ ጓዳ የቀረውን ለውዝ ሁሉ አወረደች፤ ማምሻውንም ማለዳውንም ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። የጃርት ጥርስ እንጨት ይፈልጣል፤ ለውዝማ ምኑ ነው። የሁለት ዳውላው ለውዝ ተፈልፍሎ ሲያልቅ አንዱን ዳውላ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ቀረ። ቅርፊቱ ደጁ ላይ ኮረብታ አከለ። እመት ጃርት ኮረብታውን አይታ «ይሄን ሁሉ ነው እንዴ ደጋ ሳንሸራሽር የኖርኩት!» አለችና ራሷን ሰደበች። ደህና አድርጋ ነው የሰደበችው፤ እኔ እንኳ እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ቆዩ! አንድ ከረጢት ከነቀሚሱ አስቀሩልኝ።»

«ለማን ነው፣ እማዬ?» አሉ ልጆቿ።

«ለትልቅ ሰው።»

በማግሥቱ አንድ አህያ፣ አንድ ዳውላና ያቺን ከረጢት ይዛ ወጣች። የአያ አህዮ ወንድም ሜዳ ላይ ሲንከባለል ዋለ፤ ሥራ ፈታሁ ብሎ ያለቀሰ አህያ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቃት። «ዳር ሆነሽ ጠብቂ» አላት እንደ ልማዱ።

ድሮ ዳውላው አብጦ በአህያው ጎን እስከ ጉልበቱ ይንጠለጠል ነበር፤ ውሃው የሚይዘውም እሱን ነው። ዛሬ ግን ጀርባው ላይ እንደ ድመት ኩርምት ብሏል። አያ አህዮ እስከ ሆዱ ገብቶ ተሻገረ።

«የምይዘው አጣሁ!» አለ ወንዙ።

«መያዝ ከለመደብህ ድንጋይህን ያዝ» አለችው።

ኬላው ላይ አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ሁለተኛው አህያ የታለ?»

«ሜዳ ላይ እየተንከባለለ ነው።»

«ጭነቱስ?»

«እዚሁ አለልህ።»

«አንድ ዳውላ ነው እኮ የማየው!»

«ቀረጥህ በዳውላ ነው ወይስ በጥርጣሬ?»

ጅቡ አፈረ። «በዳውላ ነው! በይ አንድ ቁና!» ብሎ መዳፉን ወደ ዳውላው አፍ ሰደደ።

እዚህ ላይ የእመት ጃርት ልብ ቆመ። የተፈለፈለ ቁና ሙሉ ከወሰደባት ድካሟ ሁሉ በጅብ ሆድ ገባ ማለት ነው። ምላሷ ግን አልቆመም።

«ኧረ ነውር ነው፣ አያ ጅቦ! እንዳንተ ያለ ባለ ኬላ፣ ራቁቱን የወጣ ለውዝ ሲቀበል ቢታይ አገር ምን ይላል? ራቁቱንማ ለገበያ ነው፤ ላንተ የእናቴን ወግ ጠብቄ፣ ከነቀሚሱ ለይቼ አምጥቻለሁ። ይኸውልህ!» ብላ ከረጢቱን ፈታች።

የጅቡ ደረት አበጠ። «እንዲህ ነው እንጂ! የጨዋ ልጅ!» ቁናውን ራሱ ሰፈረ። እስኪከመር ድረስ ሰፈረ። ሩቡ ነፋስ፣ ሩቡ ቅርፊት። አያ አህዮ እንዳያናፋ ከንፈሩን ነክሶ አለፈ።

ገበያው ላይ ግን ሌላ ጣጣ ጠበቃት። ዝንጀሮ ጭነቱን አየና ጮኸ። «ኑ ጉድ እዩ! እመት ጃርት ለውዟን አራቁታ አመጣችው! ነጠላ እንኳ ነፈገችው!» ገበያው ሁሉ ሳቀ። ዋርካው ሥር፣ ከጦጢት ጎን፣ አንድ እንቅብ ሙሉ ሽምብራ ተቀምጧል። ብረት ምጣዱ ግሏል።

እመት ጃርት አቀርቅራ፣ ዳውላውን ፈትታ፣ ጦጢት ፊት አስቀመጠች።

ጦጢት አንዷን ፍሬ አንስታ አገላበጠቻት። ወደ አፏ ወረወረቻት። ሌላ ደገመች። «ዋጋው?»

«የዚህ አንዱ ቁና፣ ከነቀሚሱ የሚመጣውን ሁለት ቁና ያህል ያወጣል። በድሮው ዋጋ።»

«በድሮው? ወንዙስ? ጅቡስ? የምትቆልይብኝ ጭማሪ የታለ?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ጦጢት ወደ ዝንጀሮ ዞረች። «አንተ ምን ያስቅሃል? ይህን ሁሉ ዘመን ቅርፊት ስፈለፍል ጥፍሬ አልቋል። ቅርፊቱን ደጄ ላይ ለሚጠርግልኝ ከርከሮ ደግሞ ቆሎ እከፍላለሁ። እሷ አራቆተችው እንጂ እኔን አለበሰችኝ!» አለችና ለውዙን ምጣዱ ላይ ገለበጠችው።

«ሽምብራውስ?» አለች እመት ጃርት ቀስ ብላ።

«እሱን ለራቴ እቀቅለዋለሁ። ለቀጣዩ ገበያም እንዲሁ ራቁቱን አምጪው፣ እህቴ።»

በዚያ ዓመት አህያው አንድ ጊዜ ጨመረባት፤ ወንዙም በተመቸው ቀን ሞላ። አያ ጅቦም ቁናውን ሁለት አደረገው፤ ከነቀሚሱ አመጣችለት። አጥንት የሚያደቅቅ መንጋጋ በቅርፊት ተጠምዶ፣ ከጥርሱ መሐል እየጎረጎረ ሲያወጣ ይውላል። የጃርት ልጆች ግን ጠግበው አደሩ።

ጅብን ከኬላው ማስነሳት ያቃተው፣ ነፋስን ከዳውላው ያስነሳ።

ተረቴን አራገፍኩ፤ እናንተም አፌን በለውዝ አብሱልኝ፤ የተፈለፈለ ይሁን!