የአባ ጉሬዛ ቀፎ

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አያ አንበሶ ነግሦ ይኖር ነበር። የንብ ቀፎዎቹን የሚጠብቅለት አባ ጉሬዛ ነው። ነጭ ካባውን ደርቦ ከዛፍ ዛፍ ሲሻገር ላየው ሰው፣ ልጆቼ፣ መነኩሴ ነው የሚመስለው። ለድካሙም አንበሶ አንድ ትልቅ ዋርካ ሰጥቶት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያ ይኖራል።

አንድ ዓመት ክረምቱ አልወጣ አለ። መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አላባራ፣ አደዩም አልፈነዳ። አንበሶ ልጁን ሊድር ነበርና ጉሬዛን አስጠርቶ፣ ለሠርጉ ጠጅ የሚሆን ማር ካላመጣ ዋርካውን ለቆ ከነቤተሰቡ እንዲወጣ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ጉሬዛ ቀፎዎቹን ሲዞር ይውል ጀመር።

እመት ጦጢት ደግሞ ያን ዋርካ ስትመኘው የኖረች ናት። ማልዳ መጣችና፣ «አባ ጉሬዛ፣ ማር መኖሩ ሳያዩ እንዴት ይታመናል? እስቲ ከፈት አድርገህ እይ» አለችው። ጭንቀት ክፉ ነው፤ ከቀፎዎቹ አንዱን ከፈተ። ብርዱ ገባና ንቦቹ ጥለውት ሄዱ። ጉሬዛ ባዶውን ቀፎ ታቅፎ አለቀሰ።

ሚስቱ ግን አልተቆጣችውም።

«ለመሆኑ አንተ ማር ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«እኔማ ምኔ ንብ ነው?»

«እንግዲያው ያንተን አንተ ሥራ፤ የእግዜርን ለእግዜር ተው።»

ጦጢት ተመልሳ መጣች። ከፈት አድርገህ እይ አለችው። ጉሬዛ እጁን ብብቱ ሥር ከቶ፣ «ቀፎውን ሰቅያለሁ፣ ጉንዳኑን ከልክያለሁ፤ አበባው የእግዜር ነው» አላት። ሌላም ቀን መጣች፤ ከፈት አድርገህ እይ አለችው። እሱም ቀፎውን ሰቅያለሁ፣ ጉንዳኑን ከልክያለሁ፣ አበባው የእግዜር ነው አላት።

እንዲህ ይበል እንጂ ዋርካውን እንዳያጣ ይፈራ፣ እጁም ክፈት ክፈት ይለው ነበር። እሱ ግን ጉንዳን እንዳይወጣ ቀፎዎቹ በተሰቀሉባቸው ዛፎች ሥር አመዱን ይነሰንሳል፣ ንቦቹ ቀፏቸውን እንዲወዱ ወይራውን ያጤሳል፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይለምናል። እኔ ጀግና የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ያልፈራ ሰውማ ምኑን ይታገሣል?

አንድ ቀን ዝናቡ አባራ፤ ሜዳው ቢጫ ለበሰ። ንቦቹ ሲወጡ ሲገቡ ይውሉ ጀመር። ጦጢት ግን ዓይኗ ዋርካው ላይ ስለነበር ንቦቹን ልብ አላለችም። ማር ቢኖረውማ ይከፍተው ነበር ብላ አሰበችና አንበሶ ዘንድ ሄዳ፣ ጉሬዛ ባዶ ቀፎ እየጠበቀ እንደሚያታልለው ነገረችው። አንበሶም ተቆጥቶ መጣ።

«ማር አለ ወይስ የለም?» አለው።

«ገና አላየሁም ጌታዬ» አለ ጉሬዛ እጅ ነሥቶ። «ዛሬ ጢስ አዘጋጅቼ ልቆርጥ ነበር።»

ጦጢት ይህን ስትሰማ ባዶነቱን እኔ ላሳይህ ብላ ወደ አንዱ ቀፎ ዘለለችና ክንዷን እስከ ብብቷ ከተተችው። ክንዷ ማር እያንጠባጠበ ወጣ፤ ንቦቹም ተከትለው ወጡ። ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ተደፍኖ፣ እየጮኸች ገደል ለገደል ጠፋች። ያን ዋርካ ዳግመኛ አልተመኘችውም።

አንበሶ አፍንጫው ላይ የተንጠባጠበውን ማር ላስ አደረገ። ከዚያ ዋርካውን ለጉሬዛ ልጆችና ለልጅ ልጆቹ ርስት አደረገለትና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይከፍት እንዴት እንዳስቻለው ጠየቀው።

«አላስቻለኝም ጌታዬ» አለ ጉሬዛ። «የእግዜርን ደጅ ጠናሁ እንጂ።»

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ ሥራው በእጅ፣ ፍሬው በእግዜር ደጅ የሚባለው።