ከውስጥ የሚዘጋው በር

በድሮ ዘመን የግመል ነጋዴዎች ከባሕር ወደ ደጋ ሲወጡ በሚያልፉባት አንዲት ከተማ፣ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቿ ኩሩ ናቸው፣ ይቀየሙኛል።

ሐጂ በወጣትነታቸው ለሐጅ ወጥተው በዚያው ብዙ አገር ዞሩ። የመንን፣ ባስራን፣ ዛንዚባርን አዩ። አንድ ጊዜ ወባ ይዟቸው በማያውቁት ወደብ ከመርከብ ሲወርዱ፣ የማያውቁት ሰው ክንዳቸውን ይዞ ወደ አንድ ቤት አስገባቸው። ቤቱን የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ለመንገደኛ የሠራው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ይልክለታል፣ ውሃ ቀጂው እንስራውን ይሞላለታል፣ የቀረው ሰው ተራ ገብቶ ይጠርገዋል። ሰውየው አልጋውን አሳያቸው፣ ውሃ አስቀመጠላቸውና «በሩ ከውስጥ ይዘጋል። ስትነቃ እዚህ ነን» ብሎ ሄደ። ስምህ ማን ነው እንኳ አላላቸውም። ሐጂ ኋላ ሲናገሩ፣ «ካየሁት አገር ሁሉ የማልረሳው ያንን እንቅልፍ ነው» ይሉ ነበር።

ሸምግለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንደዚያ ያለ ቤት ለመክፈት በልባቸው ነየቱ። የሰፈሩን የወል መሬት የሚጠብቁት አያ እንድሪስ ከመስጊዱ ጎን ቦታ ሰጧቸው። ሰው ሁሉ ድንጋይ ተሸከመ፣ ጭቃ አቦካ። «ሆቴል» የሚለውን ቃልም ከሐጂ ተማሩና ወደዱት፤ ሆቴላችን እያሉ ይኮሩበት ጀመር። አያ እንድሪስ ግን አንድ ውል አስገቡ። እስከ መውሊድ ድረስ ወዶና ፈቅዶ የሚያርፍበት እንግዳ ካልተገኘ፣ ቤቱ የእህል ጎተራ ይሆናል።

ሐጂ ሳቁ። መንገደኛ በማይጠፋበት ከተማ እንግዳ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

ጠፋ። የግመል ቃጭል በተሰማ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ወደ በሩ ይሮጣል። አንዱ የእንግዳውን እጅ ይይዛል፣ ሌላው ስልቻውን ይነጥቃል። በዚያች ከተማ እንግዳን በደጅ ማሳለፍ ነውር ነውና ሆቴሉ ጋ የሚደርስ አንድም ሰው አልነበረም።

«ዘምዘም፣ እባክሽ ይህን ሰው ተይልኝ» አሉ ሐጂ አንድ ቀን፣ ጎረቤታቸው እትዬ ዘምዘም አንድ ነጋዴ ስትጎትት አግኝተዋት። «ሆቴል አለ።»

«ምነው ሐጂ! እኛ በሕይወት እያለን እንግዳ ሆቴል ይደር?»

«ሆቴሉን አብረን አይደል የሠራነው? አንቺ ራስሽ ጭቃ አቡክተሻል!»

«አቡክቻለሁ፤ ለሌላ ሰው እንግዳ ነዋ» አለችና ነጋዴውን ይዛ ገባች።

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ፣ ኃይል ሁሉ የአላህ ነው» አሉ ሐጂ። በዚያ ሰሞን ይህን ያህል የተደጋገመ ዚክር በአፋቸው ላይ አልነበረም። የሰፈሩ ሰዎች የሆቴሉን ትራሶች ለሰርግ ተዋሱና አልመለሱም። ምንጣፉ ላይ በርበሬ ተሰጣ። ከሁሉ የባሰው ግን መቀርቀሪያው ነበር። «እንግዳ በኛ ላይ በር ሊዘጋ ነው?» እያሉ ተቆጡ። ሐጂ ለእያንዳንዱ ክፍል ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አስገቡ፤ ጠዋት ሲመጡ ሁሉም ተነቅሏል። እንደገና አስገቡ፤ እንደገና ተነቀለ። ማን እንደነቀለው የሚናገር የለም። በመጨረሻ ብረቱ አልቆባቸው በአንዲት ክፍል ብቻ አንድ መቀርቀሪያ ተከሉ።

መውሊድ ሲቃረብ አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ብቻውን መጣ። ከወንድሙ ጋር ነበር የተነሣው፤ ወንድሙ መንገድ ላይ ታሞ ሞተበትና በበረሃ ቀብሮት መጣ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አዘነ፤ ያዘነ ሁሉ ደግሞ ወደ ቤቱ ወሰደው። በየቤቱ «በሞቴ ብላ» ይሉታል። ሦስት ጊዜ ሳይጎርስ ደግሞ «ወንድምህ እንዴት ሞተ? ውሃ ጠይቆ ነበር? ምን አለ በመጨረሻ?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ይናገራል። ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ እሱ ያጽናናቸዋል። እትዬ ዘምዘም ቤት ተናግሮ ሲጨርስ አማቷ ከገበያ ገቡና፣ «እኔ አልሰማሁም፤ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ ልጄ» አሉት። ጀመረላቸው።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ሐጂ ከመስጊዱ የውዱእ መታጠቢያ ጀርባ ሰውየውን አህያውን ሲጭን አገኙት።

«ወዴት ነው ልጄ? ወንዙ እኮ ሞልቷል።»

«ወንዙ ይሻለኛል» አለ።

ሐጂ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። አህያውን አሰሩለት፣ ሰውየውን ወደዚያች ክፍል ወሰዱት፣ ውሃ አስቀመጡለት። «በሩ ከውስጥ ይዘጋል። ስትነቃ እዚህ ነን» አሉት። ወዲያው መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰሙ።

ብዙም አልቆየ፣ ሰፈሩ ትሪ ተሸክሞ መጣ። ከፊት አያ እንድሪስ ናቸው።

«ሐጂ! እንግዳችንን ሰረቁን!»

«አልሰረቅሁም። ተኝቷል።»

«ምሳ ሳይበላ?» አለች እትዬ ዘምዘም። «ዛሬ የእኔ ተራ ነው!»

«ዛሬማ የእኛ ነው፤ ትናንት በልቶልሻል» አላት አንዱ ከኋላ።

አያ እንድሪስ እጃቸውን አነሡና ጫጫታው ቀነሰ። «ሐጂ፣ ነገሩን እናሳጥረው። ሰውየው ወዶ ከገባ ይቀስቅሱትና በአፉ ይናገር። እዚህ ማረፍ መርጫለሁ ካለ ቤቱ ወቅፍ ይሁን፣ ለዘላለም ለመንገደኛ ይሰጥ፤ እኔ ቃሌን አላጥፍም። ካልቀሰቀሱት ግን እርስዎ ያስገደዱት እንግዳ ነው እላለሁ፣ ከመውሊድ በኋላ እህሉን አስገባለሁ።»

አንድ ጊዜ ማንኳኳት ይበቃ ነበር። የሐጂ እጅ ወደ በሩ ተነሣ። ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«አልቀሰቅሰውም።»

«ለአንዲት ቃል?»

«ቤቱን የሠራሁት ለእንቅልፉ ነው። አሁን ለቤቱ ብዬ እንቅልፉን ልንጠቀው? ይህ አማና ነው፣ አደራ ነው እንድሪስ! እህላችሁን አምጡ። ሰውየው ነቅቶ ሲወጣ ታስገባላችሁ።» ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። «ተመለሱ ከተባላችሁ ተመለሱ፣ እሱ ለናንተ ይበልጥ ንጹሕ ነው ይላል ጌታችን በቁርኣኑ። ይህን አንቀጽ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አንዳችሁም ግን ስትመለሱ አላየሁም!»

አሁንም አልተመለሱም። ትሪዎቻቸውን መሬት አስቀምጠው በሩ ፊት ተቀመጡ።

«ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» ብላ እትዬ ዘምዘም ስታጉረመርም ከውስጥ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰላቸው። ሰውየው እያለቀሰ ነበር። በየቤቱ ሲያጽናናቸው የዋለው ሰው፣ ማንም በማያየው ቦታ የወንድሙን ስም እየጠራ ያለቅሳል።

እትዬ ዘምዘም ልታጽናናው ብድግ አለች። አያ እንድሪስ የነጠላዋን ጫፍ ያዙ።

«ተይው» አሉ።

ተቀመጠች። ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመና ረጅም፣ ከባድ ማንኮራፋት ተተካ። ያኔ አያ እንድሪስ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሲያወጡት የተነቀሉት መቀርቀሪያዎች እጃቸው ላይ ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ለሐጂ አስረከቡ።

«ሱብሓነላህ፣ አንተ ነህ?» አሉ ሐጂ። «ብረት አንጥረኛው እኮ እኔን ሲያይ መደበቅ ጀምሮ ነበር!»

ሰዉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ፤ እንዳይቀሰቅሱት።

የዐስር ሶላት ተሰግዶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ሰውየው ፊቱን ታጥቦ ወጣና ያንን ሁሉ ሰው አየ። አንድም የጠየቀው የለም።

«ርቦኛል» አለ።

የቀዘቀዘው ትሪ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። በዚያች ከተማ እንደዚያ ቀን የበላ እንግዳ አልታየም ይላሉ። አያ እንድሪስም የሰውየውን ቃል ሳይጠብቁ ቤቱን ወቅፍ አደረጉት።

ሰዎቹ ሐጂን ምክር ቢጠይቋቸው እንዲህ ብቻ አሉ፦ «እንግዳን ስናበላው እኛ እንጠግባለን፤ ስንተወው እሱ ያርፋል።»

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ የሚያናድደኝ፣ እኛ እስከ ዛሬ መቀርቀሪያ ነቃዮች መሆናችን ነው። ለቅሶ ቤት ሄደን ሐዘንተኛውን እንዴት ሞተ እንለዋለን። የሚቀጥለውም ገብቶ ይለዋል። ነቢዩላህ ኢብራሂም ዐለይሂ ሰላም እንኳ እንግዶች ሲመጡባቸው ምግብ ሊያመጡ የሄዱት ዘወር ብለው፣ በዝምታ ነው። እኛ ደግነቱን ወሰድንና ዝምታውን ተውነው። ዝምታም ሰደቃ መሆኑን ሐጂ ለማስረዳት ስንት መቀርቀሪያ አሠሩ!

ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ሰው ታጥቦ ከጨረሰ በኋላም እጁን አያነሣም፤ የሚወርደውን ውሃ ዝም ብሎ ያየዋል። ከጓዳ «ምን ሆነሃል በይው» ይሉኛል። እኔ ግን ምንም አልልም፤ ውሃውን ቀስ አድርጌ እጨምርለታለሁ።