የጎበጠው የቅንጭብ አጥርና የስመኝ ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ምድር ድምፅ ሳታሰማ ተንፏቅቃ ጎረቤትን ከጎረቤት ባጣላችበት ዓመት፣ በስምጥ ሸለቆ አንድ ፍል ውሃ ዳር ስመኝ የምትባል ነፍሰ ጡር ትኖር ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ደግሞ ወሬው ብቻ ነው የሚሰማው። እናትም እህትም የላትም። ያላት ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ፣ ተመስገን፣ አልጎደለባትም።

ከስመኝ ቤት ጀርባ እትዬ ፈንታዬና እትዬ በላይነሽ አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ከእትዬ ፈንታዬ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም፤ የማን ድስት ምን እንደያዘ በክዳኑ ያውቃሉ። አንድ ጠዋት ታዲያ በገመድ አስተካክለው የተከሉት የቅንጭብ አጥር መሐሉ ጎብጦ ወደ ጓሯቸው ገብቶ አገኙት።

«በላይነሽ! ድንበር ገፊ! መቀበሪያ መሬት አነሰሽ?»

«ዓይንሽን ታጠቢ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ነቅሎ የሚተክል ጉልበት ቢኖረኝ መጀመሪያ አንቺን እነቅል ነበር።»

እትዬ ፈንታዬ ሽማግሌ አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ገመድ ወጠሩ፤ የቅንጭቡ ሥር አልተነካም፣ አፈሩም አልተቆፈረም። ገመዱን እስከ ቦኖው ቢስቡት ግን ቧንቧውም መንገዱም እዚያው መስመር ላይ ጎብጠዋል። ሽማግሌዎቹም ሳይፈርዱ ገመዳቸውን ጠቅልለው ተነሡ።

ወሬው ከተማ ደርሶ ብሌን የምትባል የመሬት አጥኚ መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

«ማንም አልገፋም። ምድሪቱ ናት» አለች። «የባሕር ወለል ከየብስ ሥር በሚገባባቸው አገሮች፣ መሬት ለሳምንታት ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ስለማይንቀጠቀጥ ሰው አይሰማውም። እኛ ጋ ምድሪቱ እየተለያየች ነው እንጂ አንዱ ከአንዱ ሥር አይገባም፤ እዚህም ግን እንዲህ ቀስ ብላ መሄድ ትችላለች።»

«ቀስ ብላ ከተነፈሰችማ እሰየው አይደል?» አለች ስመኝ።

«ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ትከሻውን ቢያወርድ ሸክሙ ማን ላይ ይወድቃል? እዚህ የተንሸራተተው ሲቀለው፣ ያልተንሸራተተው ጎረቤቱ ሊከብደው ይችላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል ብዬ አልምልም፤ ቀኑን አውቃለሁ ካልኩም ዋሽቻለሁ። ግን ለጊዜው ከድንጋይ ቤት ውጡ።»

«ሰው አስደንግጠሽ ባይመጣ ትጠየቂያለሽ!» አሏት አለቆቿ። «እጠየቃለሁ» ብላ ድንኳን እስኪመጣ ተሟገተች። ድንኳኑም መጣ።

ከዚያ ሳምንት ሳምንትን እየወለደ ሄደ፤ ምድርም ዝም አለች። ሰዉ «የከተማዋ ልጅ ህልም አየች» እያለ መቀለድ ጀመረ። ብሌን ሌላ መሣሪያ ልታመጣ ስትሄድ ስመኝን ለእትዬ በላይነሽ ሰጠቻት። «አደራ፣ እትዬ፣ ድንጋዩ ቤት እንዳትገባ።»

እትዬ በላይነሽ ከነገሩ አንዱንም አላመኑም። «መሬት ይሄዳል ብሎ ነገር! አጥሩን የገፋችው ራሷ ፈንታዬ ናት» ይሉ ነበር። አደራ ግን በልተው አያውቁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስመኝ የድንኳኑ ሙቀት አንገፍግፏት ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተዘረረች። እትዬ በላይነሽ በሩን በርግደው ገቡ።

«ውጪ።»

«እትዬ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው። በአልጋዬ ልሙት።»

«ሙቺ። ውጭ ሙቺ።»

ፍራሹን ከነስመኝ መሬት አወረዱት፤ እሷ እየተራገመች፣ እሳቸው እያለከለኩ ጎትተው ግራሩ ሥር አደረሷት። እርግማኗን ሳትጨርስ ምድር አጓራች። ግድግዳው አልጋው ላይ ተደረመሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው ፍራሽ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ከሰፈሩም ሰው አልሞተም።

ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ስመኝ ጭንቅ ያዛት። የክርስትና እናት አንዲት ናት፤ ዕድሜ ልክ የምትዘልቅ ዘመድ ናት። የምታመሰግነው ግን ሦስት ሰው ነው።

እትዬ ፈንታዬ ለልጅቷ ነጭ ቀሚስ አሰፍተው መጡ። «እኔ ባልጮህ የከተማዋን ልጅ ማን ይጠራት ነበር?»

«እኔን ልታሳስሪ አይደል የጮኽሽው!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «እኔስ አላውቅም፣ አላየሁም። ጎትቼ ግን አውጥቻታለሁ።» ወገባቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቃናም።

ብሌን ከመኪና እንደወረደች አቧራዋን ሳታራግፍ ልጅቷን ታቀፈች። «ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም» አለች ቀስ ብላ። «ብትሰጪኝ ግን፣ ስመኝ፣ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ዘመድ አላደረገኝም።»

ስመኝ ሦስቱንም አየቻቸው። አንዷ ያየችው ጠብ ፍለጋ ነው፤ ግን አየች። አንዷ አውቃ አስጠነቀቀች፤ በሰዓቱ ግን አልነበረችም። አንዷ ሳታምን አዳነች። ከሦስቱ አንዷ ባትኖር ልጅቷም እሷም አፈር ነበሩ። «ተመስገን» አለች።

ቄሱ ከክርስትና ቤቱ በር ላይ «የክርስትና እናቷ ትቅረብ!» ብለው ተጣሩ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ስመኝ ልጇን ለማን ትስጥ?